ዋጋዋ ባዶ የተባለችው ጡሩምባ

ጋሽ አጥናፉ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ሰው አስቀብረዋል። መቃብር ቆፋሪ አይደሉም፤ ቄስም አይደሉም። ቀጨኔ ቁልቁለቱ ላይ ያለው የወንዝ ዳር መረዳጃ እድር ጡሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ያቺን ጫፏ የተጨራመተ ጡሩምባቸውን ከምስማሯ ላይ አውርደው፣ ከመንደሩ ራስ እስከ መንደሩ እግር እየነፉ ይወርዳሉ። የሟቾቹን ቁጥር ያዙልን ብሎ የጠየቃቸው የለም፣ እሳቸው ግን ያውቁታል። በተራ ይጥሩልን ብትሏቸው ከነዕለቱ ይጠሩላችኋል፤ ስለዚህ አትበሏቸው።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ሁለት ጊዜ ረዘም አድርጎ መንፋት፣ "የእድር አባላት" ብሎ መጣራት፣ የሟቹን ስም፣ ቤቱንና የቀብሩን ሰዓት መናገር፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ "ስም ጥሪ አለ" ማለት። ሰውን ከቤቱ ጎትታ የምታወጣው ይህች የመጨረሻዋ ቃል ናት። ሐዘኑ እውነት ነው፣ አልካድኩም። ነገር ግን ስሙ ተጠርቶ "አቤት" ያላለ አባል ይቀጣል፤ የቀጨኔ ሰው ደግሞ ቅጣት ከሚከፍል ጥርሱን ቢያስነቅል ይመርጣል። ወንዙ ዳር የሚኖረው ሸማኔው ባጫ በሃያ ሁለት ዓመት አባልነቱ አንድም ቀን ተቀጥቶ አያውቅም። የራሱን መልስ ጥሎ፣ ሙሽሪትን ከሚዜዎቹ ጋር ትቶ ቀብር የሄደ ሰው ነው።

መንደሩ እንግዲህ አንድ ቁልቁል መንገድ ነው። ራሱ ላይ የጋሽ አጥናፉና የባለቤታቸው የወይዘሮ ቦሰና ቤት አለ፤ እግሩ ወንዙ ውስጥ ገብቷል ማለት ይቻላል። ታች የባጫ ቤት፣ ከባጫ ቤት ጎን ደግሞ የእድሩ ዕቃ ቤት ነው፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። ሰው መጀመሪያ የሚሰበሰበውም ስሙ የሚጠራውም እዚያው ደጃፍ ላይ ነው። ለምን ወንዝ አፍ ላይ ተሠራ ብትሉ፣ ሜዳ የሆነ መሬት እዚያ ብቻ ስለተገኘ ነው።

ድሮ ጎርፉ በአምስት ዓመት አንዴ ብቅ ብሎ የሚሄድ እንግዳ ነበር። አሁን ክረምቱ ጠባዩን ለወጠ፤ በወር የሚያወርደውን በአንድ ከሰዓት ይዘረግፈዋል፣ እንጦጦ ላይ የወረደውም ሁሉ በዚሁ በኩል ይመጣል። ካቻምና የዕቃ ቤቱን አጥር ወሰደ። አምና የባጫን ኩሽና ወሰደ፣ ድስቱን ከነወጡ። ድስቱ ወጡን ሳያፈስ ተንሳፎ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ እያለ ባጫ እስካሁን ያወራል፣ ያውም በኩራት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ።

በጥር ወር ሄርሜላ የምትባል ባለሙያ መጣች። ከተማን ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር አላምዳለሁ ከሚል አንድ ፕሮጀክት ነው የመጣችው። ታብሌት ይዛለች፣ ጫማዋ ነጭ ነው። ነጭ ጫማ አድርጎ ቀጨኔ የሚወርድ ሰው ተንኮል አያውቅም ብለው ጋሽ አጥናፉ ወዲያው ወደዷት። እድርተኛውን ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ሰብስባ፣ ጎርፉን ለመመከት ምን ምን ማድረግ እንደሚቻል፣ እያንዳንዱ ምን እንደሚያስወጣና ምን እንደሚጠቅም በሰንጠረዥ ማሳየት ጀመረች።

"የመጀመሪያው ወንዙን ተከትሎ የሚሠራ የድንጋይ ግንብ ነው" ብላ ዋጋውን ስትናገር፣ የመንደሩ አንጋፋ እማማ ሳቢት አማተቡ።

"በየት በየት ነው የሚያልፈው?" አለ ባጫ።

"እ... አንዱ ክፍል በእርስዎ ቤት በኩል ነው።"

"ቤቴን ጎርፍ እንዳያፈርሰው እናንተ ቀድማችሁ ልታፈርሱት ነው?"

ሄርሜላ ወደ ሁለተኛው አለፈች። ሁለተኛው ወንዝ ዳር ያሉትን ሰዎች ከተማው ጫፍ ወዳለ ኮንዶሚኒየም ማዛወር ነው። ባጫ አሁንም እጁን አወጣ።

"እድሩስ አብሮ ይዛወራል?"

"እድር እዚያም አይጠፋም።"

"እዚያ ያለው እድር እኔን ያውቀኛል? ቅጣት የሌለብኝ ሰው መሆኔን በምን ያውቃል? ይሄ ወጪ አይደለም? የት ጋ ነው የጻፍሽው?"

ሄርሜላ ሰንጠረዡን ወደ ላይ ወደ ታች ብታደርገው እድር የሚገባበት ዓምድ አጣች። ሦስተኛው ዛፍ ነበር፤ ዳገቱ ላይ አፈርና ውሃ የሚይዝ አገር በቀል ዛፍ መትከል። ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ግን አሥራ አምስት ዓመት ይፈልጋል። "እኔ እንኳ የምደርሰው ለማዳበሪያነት ነው" አሉ እማማ ሳቢት። አራተኛው ጎርፍ ከመድረሱ በፊት ሰውን ማስጠንቀቅ ነው፤ ወይ በኤሌክትሪክ ሳይረን፣ ወይ "መንደሩ ውስጥ ባለው ነባር መሣሪያ።" ነባሩ መሣሪያ የጋሽ አጥናፉ ጡሩምባ መሆኗ ነው። ጋሽ አጥናፉ መነጽራቸውን ጠርገው ተጠጉ።

"ልጄ፣ እዚህች ጋ የተጻፈችው ክብ ነገር ምንድን ናት?"

"ዜሮ ናት ጋሽ አጥናፉ። ወጪ የለውም ማለት ነው፤ ጥሩ ነገር ነው።"

"ሳንባዬስ?"

"ማለቴ፣ አዲስ ወጪ የለውም ለማለት ነው።"

ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ሰው ሸኝቶ፣ ብርድ ጠጥቶ፣ ጉልበት ጨርሶ ባዶ መባል ጋሽ አጥናፉን አንገበገባቸው። ቤት ገብተው ራት አልበላም አሉ።

"ዜሮ ብትባል ምን ትሆናለህ?" አሏቸው ወይዘሮ ቦሰና። "ሠላሳ ዓመት የሠራሁልህን ወጥ ማን በሰንጠረዥ አስገብቶልኝ ያውቃል? ብላ በቃ።"

በሉ። ነገር ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለጉት፤ ያቺ ክብ እንድትጠፋ።

ዕድሉ በግንቦት መጣ። ፕሮጀክቱ ጡሩምባዋን እንፈትናት አለ። ውሉ ቀላል ነው፤ ሁለት ረዥም ከሆነ ሞት፣ ሦስት ረዥም ከሆነ ጎርፍ። ሦስት ሲሰማ ሰው ሁሉ ወደ መንደሩ ራስ ይወጣል። በወረቀት ተጽፎ በየበሩ ተለጠፈ። ቅዳሜ ከሰዓት ሄርሜላ ላይ ቆማ ሰዓቷን ያዘች፣ ጋሽ አጥናፉ ሦስቴ ነፉ፣ ሦስተኛውን ያንገታቸው ሥር እስኪገታተር አስረዘሙት።

የመንደሩ ሰው መቁጠር ይችላል። ጡሩምባ ሲሰማ ግን አይቆጥርም። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን እየደረቡ "ማን ነው? ማን ነው?" እየተባባሉ ወጡ፤ ከዚያም እግራቸው የለመደውን መንገድ ይዘው ወደ ዕቃ ቤቱ ወረዱ። በሰላም ቀን ዳገቱ ላይ ተቀምጠው የነበሩ አርባ አንድ ሰዎች በስድስት ደቂቃ ውስጥ ወንዙ አፍ ላይ ተሰልፈው ተገኙ። ባጫ ድንኳኑን አውጥቶ መዘርጋት ጀምሮ ነበር። ሄርሜላ ከላይ ሆና አየች፣ ሰንጠረዡን ከፈተች፣ የጥቅሙን ዓምድ አስተካከለች። ጡሩምባዋ ወጪዋ ዜሮ፣ ጥቅሟ ከዜሮ በታች ሆነ። ዜሮ ሲያንገበግባቸው የነበሩት ሰውዬ አሁን ዜሮን ራሱን ናፈቁ።

የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ፀሐዬ ይህን ነበር የሚጠብቁት። አቶ ፀሐዬ የቴሌግራም ሰው ናቸው፤ የእድሩን ግሩፕ የከፈቱት፣ በየማለዳው የአበባ ሥዕል የሚልኩት እሳቸው ናቸው። "ዘመኑ የሳይረን ነው" ብለው አስወሰኑ። በሰኔ ዕቃ ቤቱ ጎን ምሰሶ ተተከለ፣ አናቱ ላይ ሳይረኑ ተሰቀለ። ወንዙ ዳር ደግሞ ውሃ ሲነካው ሳይረኑን የሚያስጮህ መሣሪያ ያለበት ብረት ቆመ። ብረቱ ቀጥ ያለ፣ ጠንካራ፣ ፀሐይ የሚያገኝ ስለነበር ባጫ በሦስተኛው ቀን ያጠበውን ጋቢ ሰጣበት። ከጋቢው ውሃ ተንጠባጠበ፣ ሳይረኑ ጮኸ፣ የቀጨኔ ውሻ በሙሉ አብሮ ጮኸ። ሰው ወጥቶ አምቡላንስ የት አለ ሲል ቆይቶ ገባ። በሳምንቱ ባጫ አንሶላ አጠበ። ሐምሌ ላይ ሳይረኑ ባለቀሰ ቁጥር ሰው ከተቀመጠበት ሳይነሳ "የባጫ ጋቢ ነው" ይል ጀመር። ጩኸቱ ሲበዛ አቶ ፀሐዬ ባለሙያ እስኪመጣ ብለው ሶኬቱን ነቀሉት።

ቢሆንም የተወሰነው ተወሰነ። ከመስከረም ጀምሮ ሞትም ጎርፍም በስልክ መልእክት ይነገራል፤ ጡሩምባዋ ዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለመታሰቢያ ትሰቀላለች፤ ጋሽ አጥናፉ የምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል። ጋሽ አጥናፉ በስብሰባው ላይ አንገታቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተቃወሙም። ቤታቸው ሲገቡ ግን አለቀሱ። ጡሩምባዋ ከሌለች አጥናፉ ማለት ዳገት ላይ ተቀምጦ ጉልበቴን የሚል አንድ ሽማግሌ ነው። ይህን ለወይዘሮ ቦሰና እንኳ አልነገሯቸውም፤ ወይዘሮ ቦሰና ግን ያን ቀን ሽሮው ላይ ቅቤ ጨመሩ።

ነሐሴ ሃያ ሦስት ቀን ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ስልካቸው ጮኸ። የወይዘሮ ቦሰና ወንድም ጃለታ ነው፤ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ችግኝ ይንከባከባል።

"አጥናፉ፣ እዚህ ላይ በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚት ሆነ። ወንዙ ግንድ ተሸክሞ እየወረደ ነው። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅበት ነው፣ ሰዎቹን አውጣ..." ስልኩ ተቋረጠ። መብራትም ሄደ። አቶ ፀሐዬም ከሌላ ሰው ሰምተው ኖሮ በዚያችው ደቂቃ ለግሩፑ መልእክት ልከዋል፤ ኔትዎርክ ስላልነበረ መልእክቱ በማግስቱ ጠዋት ከአበባው ሥዕል ጋር ገባ።

ጋሽ አጥናፉ ላስቲክ ተከናነቡ፣ ጡሩምባዋን አወረዱ፣ ቁልቁል ሮጡ። ሦስቴ ነፉ። በር ተከፈተ።

"ማን ሞቶ ነው?" አለ አንዱ።

"ማንም አልሞተም። ጎርፍ መጣ፣ ወደ ላይ ውጡ።"

"ማንም ካልሞተ በዚህ ዝናብ ምን ያስነፋዎታል?" ብሎ ዘጋ።

ሌሎቹ ደግሞ በዝናቡ ድምፅ ቃላቸውን ስላልሰሙ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ታች መውረድ ጀመሩ። ጋሽ አጥናፉ መንገዱ መሐል ቆሙ። ግማሹ በሩን እየዘጋ ነው፣ ግማሹ ወደ ወንዙ እየሄደ ነው፣ ወደ ላይ የሚወጣ አንድ ነፍስ የለም። በሕይወታቸው እንደዚያን ጊዜ ፈርተው አያውቁም። ሦስት መቶ አሥራ ሰባቱን ሁሉ ከሞቱ በኋላ ነበር የጠሯቸው፤ አሁን ግን በሕይወት ያሉትን፣ የሚያውቁትን ሰው ሁሉ፣ በገዛ ጡሩምባቸው ወደ ውሃ እየነዱት ነው።

ከዚያ አንድ ነገር ገባቸው። ይህ ሕዝብ ጡሩምባ ሲሰማ የሚሄደው ወደ ሞት ነው። ሰው ወደ ላይ እንዲወጣ ከተፈለገ ላይ የሞተ ሰው መኖር አለበት። ማን ይሙት? መንደሩ ራስ ላይ ያሉት ሦስት ቤቶች ናቸው። አንዷ ዓለምነሽ ናት፤ አራስ ናትና አራስ መግደል ነውር ነው። አንዱ አቶ ፀሐዬ ናቸው። አቶ ፀሐዬን ለመግደል ልባቸው ለአንድ አፍታ ፈቅዶ ነበር፣ አልዋሽም፤ ግን ሰውየው ራሳቸው ታች ወርደው የሳይረኑን ሶኬት እየፈለጉ ነው። የቀረው ሦስተኛው ቤት ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ጋሽ አጥናፉ ጡሩምባዋን አነሱና ሁለት ረዥም ነፉ።

"የእድር አባላት። አቶ አጥናፉ ድንገት አርፈዋል። ድንኳን አይወጣም፣ ወንበር አይወጣም፣ ወደ ዕቃ ቤት የሚወርድ እንዳይኖር። ስም ጥሪው አሁኑኑ ሟች ቤት ነው። የቀረ እጥፍ ይቀጣል።"

እጥፍ የሚባል ቅጣት በእድሩ ደንብ ውስጥ የለም፤ ያን ጊዜ ከሆዳቸው የፈለቀ ነው። የተዘጉት በሮች ሁሉ ተከፈቱ። ወደ ታች ሲወርድ የነበረው ሰው ባለበት ዞረ።

ሰው ሟቹ ራሱ ሲለፍፍ እንዴት አላወቀም ትሉኝ ይሆናል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የጡሩምባ ነፊውን ፊት አይቶ የሚያውቅ የለም፤ ሰው የሚያየው የሟቹን ቤት ነው። እማማ ሳቢት እንኳ አጠገባቸው ደርሰው፣ ክንዳቸውን ለመደገፊያ ይዘው፣ "ታመው ነበር እንዴ?" ብለው ጠየቋቸው።

"አልታመሙም እማማ፣ ድንገት ነው። ይፍጠኑ።"

"ደግ ሰው ነበሩ። ትንሽ ወሬ ያበዛሉ እንጂ።"

"ያበዛሉ?"

"የሟች ስም ሲቆጥሩ ማን ይችላቸዋል። ነፍስ ይማር" ብለው ዳገቱን ተያያዙት።

ጋሽ አጥናፉ ዕቃ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ውሃው ደጃፉን ነክቷል። አቶ ፀሐዬ ሶኬቱን በእጃቸው እንደያዙ ደርቀው ቀርተዋል።

"አጥናፉ?" አሉ፣ አጥናፉን እያዩ። "ምነው አጥናፉ። ምስክር ወረቀቱ እንኳ ሳይደርሰው። እኔ ነኝ የገደልኩት፤ ጡሩምባውን ስቀማው ነው ልቡ የተሰበረው።" የስም መጥሪያ መዝገቡን ብቻ ከመደርደሪያው አንስተው፣ እንባቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ ወደ ላይ ሮጡ። ጋሽ አጥናፉ ያን ቀን ይቅር አሏቸው፤ ለማለት ጊዜ አልነበረም እንጂ።

የቀረው ባጫ ነው። ባጫ ቤት ውሃው ምድጃውን አልፏል፣ ባጫ ግን ሽመናው ላይ ተቀምጦ እግሩን ብቻ ከፍ አድርጓል። ጎርፍ ነው ቢሉት ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ነው የሚሆነው። ጋሽ አጥናፉ በሩ ላይ ቆመው በጆሮው ሁለት ረዥም ነፉለት።

"ጋሽ አጥናፉ አርፈዋል። ስም ጥሪው ተጀምሯል።"

ባጫ ዘሎ ተነሳ። "ጋሽ አጥናፉ? ትናንት እንኳ ሰላም ብለውኝ ነበር። ተጀምሯል ነው ያልከኝ?" ብሎ ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰ። ለቅሶ ቤት ሁልጊዜ ፍራሽ ይጎድላል፣ ባዶ እጅ መሄድ ደግሞ ነውር ነው። ፍራሹን ጠቅልሎ በአናቱ ተሸከመና "አይ ቦሰና፣ አይ ቦሰና" እያለ ዳገቱን በሩጫ ወጣ። ጋሽ አጥናፉ ከኋላው ተከተሉ፤ ፍራሹ ዝናቡን ጋርዶላቸዋል።

መንገዱ አጋማሽ ላይ ሲደርሱ ከኋላቸው ድምፁ መጣ። ዕቃ ቤቱ ከነድንኳኑ፣ ከነወንበሩ፣ ከነብረት ድስቱ ተነስቶ ሄደ። የሳይረኑ ምሰሶ አንዴ ሰገደና ተከተለ። የባጫ ቤት የወንዙን ጎን ግድግዳ አጣ። ጋሽ አጥናፉ ዞረው ተመለከቱ። ታች የቀረ ሰው ይኑር አይኑር አያውቁም ነበር። ማወቂያው ስም ጥሪው ብቻ ነው፣ እሱም ላይ ነው ያለው።

ግቢያቸው ሲደርሱ እድሩ በሙሉ ዝናብ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ አላለቀሱም ብዬ አላማቸውም። ወይዘሮ ቦሰና ግን ደረታቸው ላይ እጃቸውን አጣምረው በሩ ላይ ቆመዋል። አቶ ፀሐዬ በአንድ ሰው ጃንጥላ ሥር መዝገቡን ገልጠው ስም ይጠራሉ።

"ሳቢት።"

"አቤት።"

"ባጫ።"

"አቤት፣ ደርሻለሁ፣ እንዳይጻፍብኝ" አለ ባጫ ከፍራሹ ሥር።

ስልሳ ሁለት ስም ተጠራ፤ ስልሳ ሁለት ጊዜ አቤት ተባለ። ጋሽ አጥናፉ በአጥሩ ጥግ ቆመው በጣታቸው እየቆጠሩ ነበር። እያንዳንዱ አቤት ሲወጣ ከላያቸው ላይ አንድ ሸክም ይወርዳል። መጨረሻ ላይ አቶ ፀሐዬ መዝገቡን ዘጉት፣ መልሰው ከፈቱት።

"ለደንቡ ያህል ልጥራው" አሉ። "አጥናፉ።"

"አቤት" አሉ ጋሽ አጥናፉ።

ላስቲኩን ከራሳቸው ላይ አወረዱ።

"ለመነሳት እንኳ ሦስት ቀን አልጠበቁም" አሉ እማማ ሳቢት።

ወይዘሮ ቦሰና መጡና በነጠላቸው ጫፍ መቷቸው፣ ከዚያ በዚያው ነጠላ ፊታቸውን ጠረጉላቸው። "እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም" አሉ ለሕዝቡ። "ሞተ ሲሉኝ መሬት ላይ ወደቅሁ። ወድቄ እያለሁ ከታች ድምፁ መጣ፤ አጥናፉ አርፈዋል እያለ። ከዚያ በኋላ ያለቀስኩት በንዴት ነው።" ያኔ አንዱ ወደ ወንዙ ዞሮ አየ። ዕቃ ቤቱ የነበረበት ቦታ ቡናማ ውሃ ብቻ ነበር። ሁሉም አንድ በአንድ ዞሩ፤ ባጫም ፍራሹን መሬት ላይ አስቀምጦ ቤቱን ከላይ ለረዥም ጊዜ ተመለከተ፣ ከዚያ መጥቶ የጋሽ አጥናፉን ጉልበት ሳመ።

በሳምንቱ እድሩ ተሰበሰበ። የደንቡ አንቀጽ አሥራ አራት "ያልሞተን ሰው ሞተ ብሎ ያስነገረ አምስት መቶ ብር ይቀጣል" ይላል። አንቀጹ የወጣው አንድ አባል አማቱን ሦስት ቀን ቀድሞ ያስነፋ ጊዜ ነው። አቶ ፀሐዬ እያፈሩ አነበቡት፣ ጋሽ አጥናፉ ሳያንገራግሩ ከፈሉት። ሰው ሁሉ እናዋጣልዎ ቢል እምቢ አሉ። ሕግ ሕግ ነው፤ ደግሞም ሌላ ምክንያት ነበራቸው።

ሄርሜላ በመስከረም ስትመጣ ደረሰኙን ከደረት ኪሳቸው አወጡ።

"ይህችን የት ታስገቢያታለሽ?"

ሄርሜላ ደረሰኙን አነበበች፣ ታሪኩን ከባጫም ከእማማ ሳቢትም በየተራ ሰማች፤ ባጫ ፍራሹን እያሳየ ነው የነገራት። ከዚያ ታብሌቷን ከፍታ በጡሩምባዋ ረድፍ ላይ ዜሮውን አጠፋችና አምስት መቶ ብር ብላ ጻፈች። በጥቅሙ ዓምድ ስልሳ ሦስት አባወራ ከነቤተሰቡ ብላ ጻፈች። ትንሽ አሰበችና "እድር" የሚል አዲስ ዓምድ ጨመረች፤ ምን እንደምትሞላበት ግን እስካሁን አላወቀችም። ጋሽ አጥናፉ መነጽራቸውን ጠርገው ሦስቴ አነበቡት። ክቧ ጠፍታለች። ከግንቡም፣ ከሳይረኑም፣ ከሁሉም ይልቅ በትንሽ ወጪ ብዙ ሰው ያዳኑት እሳቸው ናቸው፤ ቢሆንም ወጪ አላቸው።

ግንቡ እየተጠና ነው። ጃለታ የሚንከባከባቸው ችግኞች ጉልበት ድረስ ደርሰዋል። እድሩ ግን ሌላ ነገር አልጠበቀም፤ በየእሁዱ ወጥቶ የጋሽ አጥናፉን ደጃፍ ቆፍሮ ደለደለና አዲሱን ዕቃ ቤት እዚያ ሠራ። አሁን ጡሩምባ የሰማ ሰው ቁጥሩ ቢሳሳት እንኳ እግሩ ወደ ላይ ነው የሚወስደው። ባጫም ከዕቃ ቤቱ ጎን ሁለት ክፍል ተቀልሶለታል፤ አሁን ማንም ሳይቀድመው አቤት ይላል። ጡሩምባዋ ወደ ምስማሯ ተመለሰች። ደንቡ ላይም አንድ አንቀጽ ተጨመረ፤ የጎርፍ ምልክቱ "አቶ አጥናፉ አርፈዋል" የሚለው ነው፣ ምክንያቱም እስካሁን ሰው የሰማው እሱን ብቻ ነው። ጋሽ አጥናፉ ተስማምተዋል። ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ሞተዋል።

ባለፈው ዓርብ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ባልና ሚስት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

"አንተ ሰውዬ" አሉ ወይዘሮ ቦሰና። "በእውነት የሞትክ ዕለት ማን ያምነኛል?"

"ያምኑሻል። ስም ጥሪ አለ በያቸው።"

"እሺ፣ የሚነፋልህስ ማን ነው?"

ጋሽ አጥናፉ ይህን አስበውት አያውቁም። ለሦስት መቶ አሥራ ሰባት ሰው ነፍተው፣ ለራሳቸውም ነፍተው፣ የእውነቱ ቀን አፋቸውን ከጡሩምባዋ ላይ የሚያደርግ ሰው አለመኖሩ አሁን ታያቸው።

ወይዘሮ ቦሰና ተነሱ፣ ገቡ፣ ጡሩምባዋን ከምስማሯ አወረዱ፣ አፏን በነጠላቸው ጠረጉ። "እንዴት ነው የሚያዘው?" አላሉም። ሃያ ስድስት ዓመት አይተዋል። ሁለት ረዥም ነፉ፤ ከባላቸው የጠራ፣ ከባላቸው የረዘመ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ወንዙን ተሻግሮ የተሰማ። ጋሽ አጥናፉ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"ዜሮ ወጪ" አሉ ወይዘሮ ቦሰና።

ባጫ ከጎን ካለው ቤቱ ፍራሹን በአናቱ ተሸክሞ፣ እያለከለከ ብቅ አለ። ጋሽ አጥናፉን አየ፣ ወይዘሮ ቦሰናን አየ፣ ጡሩምባዋን አየ፣ ሰማዩን ቀና ብሎ አየ።

"ስም ጥሪው ተጀመረ?" አለ።